ሦስት ቀን ያልሞላቸው ጫጩቶች

ድሬዳዋ ውስጥ፣ በግንቦት፣ ማሞቂያ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እኔም ተብያለሁ። ዕንቁላል ግን ለመፈልፈል 37 ከግማሽ ዲግሪ ሙቀት የሚፈልገው ሌት ተቀን ለ21 ቀን ነው፤ የሳቢያን ሰፈር ሙቀት ደግሞ ቀን አቃጥሎህ ሌሊት ትቶህ ይሄዳል።

ስለዚህ አሮጌ ኮመዲኖ ውስጥ ባለ 40 ዋት ሁለት አምፖሎች ገጠምኩ። አብሪና አጥፊው ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የነቀልኩት ኮምፓራተር ነው። ኮምፓራተር ሥራው አንድ ነው፦ ሁለት ቮልቴጅ አወዳድሮ የትኛው እንደሚበልጥ መናገር። «ትንሽ ቆይ፣ ላስብበት» አያውቅም። የሙቀት መለኪያዋ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ትሰጣለች፤ እኔም ማወዳደሪያውን 375 ሚሊቮልት ላይ አቆምኩት። ከዚያ ሲወርድ ሪሌዩ፣ ማለትም ኮምፓራተሩ የሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ፣ አምፖሎቹን ያበራል፣ ሲያልፍ ያጠፋል። ሃያ አራት የሐበሻ ዶሮ ዕንቁላል ደርድሬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አከራዬ በሬን ደበደቡት።

«ተነሥ ልጄ! እየፈለፈሉልህ ነው!»

«እማማ፣ ገና ሦስት ቀናቸው ነው እኮ።»

«ታዲያ ቅርፊቱን የሚቆረቁረው ማን ነው?»

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። እውነትም የሆነ ነገር ይቆረቁራል። መብራት ፍለጋ ስዳክር ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ደረሱ፤ አንዷማ እልልታዋን ለቀቀችው። ከጓሮ የሚቆላ ቡና ሸተተኝ።

ኮመዲኖውን ከፈትኩት። ዕንቁላሎቹ ጭጭ ብለዋል። አምፖሎቹ እንደ ሠርግ ቤት መብራት ይርገበገባሉ፤ የሚቆረቁረው ሪሌዬ ነው። ክፍሉ ራሱ ስለሚሞቅ ኮመዲኖው የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው፤ ሙቀቱ 375 ሚሊቮልቱ ደጃፍ ላይ ብዙ ይቆማል። በሽቦው ላይ የምትመጣ ኢምንት ረብሻ ወዲህና ወዲያ ስትገፋው ታማኙ ኮምፓራተር በእያንዳንዷ ግፊት ሐሳቡን ይለውጣል። ይህንን ሁሉ ለእማማ አስረዳኋቸው። «እሺ፣ ጫጩቶቹስ?» አሉኝ።

መድኃኒቱ ይታወቃል፦ ከኮምፓራተሩ መውጫ ወደ ፕላስ መግቢያ እግሩ የሚመለስ አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድብ ዕቃ)። ያኔ ኮምፓራተሩ አንዴ ከወሰነ በትንሽ ነገር አያመነታም። እንቅልፌ መጥቶ ስለነበር እጄ ያገኘውን ባለ አንድ ሚሊዮን ኦም ስታኞ አድርጌበት ተመለስኩ። ጸጥታው ደስ ሲል! ሲነጋ ግን ቴርሞሜትሩ 43 ላይ ቆሟል። ለካ ሬዚስተሩ ሲያንስ ግትርነቱ ይበዛል። ሃያ አራቱም ዕንቁላሎች አበቃላቸው፤ እማማ ለሁለት ቀን አላናገሩኝም።

የሚያስፈልገኝ አሥር ሚሊዮን ያህል ነበር፤ አላገኘሁም። ባለ 3.3 ሚሊዮን ሦስቱን እግር ለእግር ቀጣጥዬ አስገባሁ፤ በሚያበራበትና በሚያጠፋበት ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ወደ ግማሽ ዲግሪ ተጠጋ። ሌላ ሃያ አራት ዕንቁላል ገዛሁ። ሪሌዩም አንዴ ጠቅ ብሎ ረጅም ዝም የሚል ጨዋ ሆነ። እኔም ቀን መቁጠሩን ተውኩት።

አንድ ንጋት ላይ ያ ድምፅ ተመለሰ። ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ። ሪሌዩንም፣ የሠሩትንም፣ ራሴንም እየረገምኩ ካቻቢቴዬን ይዤ ሄድኩና ኮመዲኖውን በኃይል ከፈትኩት። አንድ እርጥብ ጫጩት፣ ግማሽ ገላው ገና ቅርፊቱ ውስጥ እንዳለ፣ ቀና ብሎ አየኝ።

እማማ ከኋላዬ ቆመው ካቻቢቴውን ተመለከቱ።

«እሱንም ልትፈታው ነው?»