መቆለፊያው ላይ የነበረው ማኅተም

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ለገጣፎ በሚገኝ አነስተኛ የወርቅና የብር ጥገና ቤት በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የብር ድሪ ይዘው መጡ። ድሪው ከአያታቸው ወደ እናታቸው፣ ከእናታቸው ወደ እርሳቸው የወረደ ሲሆን፣ ከፊቱ የጣት ውፍረት ያላቸው ሦስት የብር ቱቦዎች ተንጠልጥለውበታል። የመካከለኛው ቱቦ ማንጠልጠያ ቀለበት ተበጥሷል። «ልጄ፣ ለሠርግ ነው፤ ለቅዳሜ ይደርስልኛል?» አሉኝ። ይደርሳል አልኋቸው።

በዚያን ጊዜ ማኅተም ማንበብ እንደ ትልቅ ዕውቀት ይታየኝ ነበር። በእንግሊዝ ብር ላይ የሚራመደው አንበሳ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን እንደሚያመለክት፣ በጀርመን ብር ላይ ደግሞ ከ1888 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግማሽ ጨረቃና ዘውድ እንደሚታተም በቃሌ አውቅ ነበር። ስለዚህ በማጉሊያ መነጽር ድሪውን ስፈትሽ መቆለፊያው ላይ 800 የሚል ቁጥር ባገኘሁ ጊዜ ሌላ ነገር መፈለግ ተውሁ። ደረሰኙ ላይም «የጣሊያን ሥራ፣ 800፣ የፋብሪካ» ብዬ ጻፍሁ። 800 በጀርመንም በሌላም አገር የሚመታ ቁጥር ስለሆነ «የጣሊያን» ያልሁት ግምት ብቻ ነበር። የከፋው ግን የፋብሪካ ጌጥ ከሆነ ቱቦው ባዶ ነው ብዬ መደምደሜ ነው።

ቀለበቱን ለመበየድ የጋዙን እሳት ለኮስሁ። የብር መበየጃ የሚቀልጠው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ብር ደግሞ ሙቀትን ከማስተላለፍ የሚቀድመው ብረት የለምና አናቱን ያገኘው እሳት ወዲያው እታች ይደርሳል። መበየጃው ገና ሳይፈስስ ከቱቦው ጫፍ ሰም ተንጠባጠበ፤ ቀጥሎ ቆዳ ሲያርር የሚሸት ሽታ ክፍሉን ሞላው። እሳቱን አጥፍቼ በወረንጦ እንደያዝሁት ቆሜ ቀረሁ።

የቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው አንጥረኛ፣ ሽታውን ተከትለው መጡ። አልተቆጡም፤ መነጽሩን ሰጡኝና «መቆለፊያው የማን ነው? ድሪውስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን በትክክል አየሁት። በቱቦዎቹ ላይ የተደረደሩት የጤፍ ቅንጣት የሚያህሉ የብር ፍሬዎች መጠናቸው እኩል አልነበረም፤ አንዳንዶቹ በሞረድ ተነክተው ጠፍጥፈዋል። ዙሪያውን የተጠመዘዘው ቀጭን ሽቦም አንድ ቦታ ጠበቅ፣ ሌላ ቦታ ላላ ያለ የእጅ ሥራ ነው። ቱቦዎቹ የተያያዙት በብር መበየጃ ሲሆን መቆለፊያው ግን በግራጫ የቆርቆሮ መበየጃ ተለጥፏል፤ ማለትም ቆይቶ በጥገና የገባ ባዕድ ነው። አንድ ጫፉ ተደፍኖ ሌላው በክዳንና በሰም የተዘጋ ቱቦ ደግሞ በአገራችን የክታብ ማኅደር እንደሆነ ሕፃን ያውቃል፤ እኔ ብቻ ቁጥር ሳነብ አመለጠኝ።

ጋሼ በመፈተኛው ድንጋይ ላይ ሲጭሩት የማርትሬዛ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ገንዘብ፣ መሰላቸው። የድሮ አንጥረኞች ጌጥ የሚሠሩት በአብዛኛው እሱን እያቀለጡ ነበርና ግምታቸው ከልምድ የመጣ ነው። የማርትሬዛ ጥራት 833 ገደማ ስለሆነ የመቆለፊያው ቁጥር በጥራቱ ብዙም አልዋሸኝም፤ የዋሸኝ በዘሩ ነው። (በነገራችን ላይ በማርትሬዛው ላይ ያለው 1780ም ዕድሜ አይናገርም፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ሲታተም የኖረው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል።)

ቅዳሜ እናትየው ሲመጡ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ዝም ብለው ክዳኑን ከፈቱና የተጠቀለለውን ብራና በቀስታ ዘረጉት። አንዱ ጠርዝ ጠቁሮ ተኮማትሯል፤ መካከሉ ግን ደኅና ነበር። በቀይ ቀለም የተጻፈውን የክርስትና ስም በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ። «የአያቴ ነው ስል ኖሬያለሁ፤ ይህ ግን የአያቴ እናት ስም ነው» አሉ።

የሥራ ዋጋ አልተቀበልሁም። ቱቦውንም መልሼ በሰም እንዳልዘጋው ነገሩኝ። ደረሰኙን ተቀብዬ «የጣሊያን ሥራ» የሚለውን ሰረዝሁና «መቆለፊያው ብቻ 800» ብዬ ጻፍሁበት።