አዲስ የጊታር ፒክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት የነባሩን ክዳን ፋቁ

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ሲታፈን መጀመሪያ የሚወቀሰው የፒክአፑ፣ ማለትም ከክሮቹ ስር ሆኖ ድምፁን የሚቀበለው ክፍል፣ ማግኔት ነው፤ ቀጥሎ በመልቲሜትር የሚነበበው ኪሎ ኦም (የሽቦው ሬዚስታንስ)። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ማንም በማይጠረጥረው ብረት ላይ ነው፤ ክዳኑ ላይ፣ ምሰሶዎቹ (በየክሩ ስር የቆሙት ዘንጎች) ላይ ወይም በክሩ መጠቅለያ ላይ።

ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው በሺዎች ዙር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ውፍረቱ 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ይረብሸዋል፣ መዳቡ ውስጥም ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ስለዚህ ክሩ የግድ ማግኔት የሚስበው መሆን አለበት። ናይለን የታሰረበት ክራር ላይ ይህን ፒክአፕ ብትደቅኑበት ምንም አይሰማም። የአኮስቲክ ጊታር የነሐስ ክር ደግሞ ግማሽ ዱዳ ነው፤ ነሐሱን ማግኔት ስለማይስበው ፒክአፑ የሚያውቀው ውስጡን ያለውን ብረት ብቻ ነው። ነሐስ ያልተጠቀለለባቸው ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ይጮኻሉ፣ ወፍራሞቹ ይደክማሉ። «አምፑ ባስ የለውም» የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክዳኑ። መሐንዲሱ ሴት ላቨር (Seth Lover) ጊታር ሠሪው ጊብሰን ቤት ሆኖ በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሃምበከርን፣ ማለትም ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፑን፣ ሲሠራ ክዳኑን ያደረገው ከኒኬል ሲልቨር ነው። ስሙ ነው እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ናስ ነው። ሁለቱም ላያቸው ኒኬል ወይም ክሮም ስለሚቀባ በዓይን አይለዩም። ጆሮ ግን ይለያቸዋል። ናስ ኤሌክትሪክን ከኒኬል ሲልቨር አራት እጥፍ በላቀ ሁኔታ ያሳልፋል፤ ክሩ ሲርገበገብ ክዳኑ ውስጥ የሚዞር ጅረት ይፈጠርና የራሱን ተቃራኒ መስክ ያበጃል። ድምፁ በቀጠነ ቁጥር ይህ ጅረት ይበረታል። ለዚህ ነው ባሱ ሳይነካ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) ብቻ የሚበላው።

ለመለየት ፒክአፑን አውጥታችሁ የክዳኑን የታች ጠርዝ በሞረድ ጫፍ ጥቂት ፋቁት። ቢጫ ከወጣ ናስ ነው፤ ግራጫ ነጣ ያለ ከሆነ ኒኬል ሲልቨር። በማግኔት መፈተን አያዛልቅም፤ የኒኬሉ ቅብ ራሱ በስሱ ሊስብ ይችላል።

ናስ ከሆነ አውልቁት። ክዳኑ ከታች ካለው ሳህን ጋር የተያያዘው በሁለት ቦታ በብየዳ ነው። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ደካማ መበየጃ ይዞ ሲያሞቁ ሲያሞቁ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ሽቦው የተጠመጠመበትን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። 60 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጫፉ ሰፊ መበየጃ ያዙና በጥቂት ሰከንድ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ የካቻቢቴ ጫፍ ሽቦው አጠገብ አይድረስ። አንድ ጭረት ከበቂ በላይ ነው።

ክዳኑ ሲነቀል፣ ውስጡን እንዳይንቀጠቀጥ የያዘው ሰም ስለሚሰነጠቅ፣ ድምፅ ከፍ ሲል ፒክአፑ ማፏጨት ሊጀምር ይችላል። 80 በመቶ ፓራፊንና 20 በመቶ የንብ ሰም ቀላቅሉ፣ ውሃ በፈላበት ድስት ላይ በሌላ ዕቃ አቅልጡ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱ። ከ65 ዲግሪ እንዳያልፍ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ፒክአፑን ነክራችሁ አረፋው እስኪያቆም፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። (ጧፍ አቅልጦ መጠቀም ያስመኛል፤ ምን እንደተቀላቀለበት ካላወቃችሁ ተዉት።)

ምሰሶዎቹም የራሳቸው ነገር አላቸው። በጥንታዊው የፌንደር ጊታር፣ ስትራቶካስተር፣ ምሰሶዎቹ ራሳቸው አልኒኮ (የአሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ቅይጥ) ማግኔት ናቸው። በርካሾቹ ግን ብረት ናቸው፣ ከስር የሴራሚክ ማግኔት ተለጥፎባቸዋል። ብረቱ የጥቅሉን ኢንዳክታንስ (በሄንሪ የሚለካ፣ የጅረት ለውጥን የመቃወም ባሕርይ) ያሳድገዋል፤ ይህም ድምፁ የሚጎላበትን ቦታ ዝቅ ያደርገዋል። በሂሳብ እንየው፦ 2.3 ሄንሪ የሆነ ፒክአፕ ከኬብሉ ጋር 600 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም) ቢያገኝ ድምፁ የሚጎላው 4.3 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፤ 4.4 ሄንሪ ከሆነ ወደ 3.1 ይወርዳል። «ሴራሚክ ሻካራ ነው» የሚባለው ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። ሴራሚክ ራሱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ አብሮት ያለውን ብረትና የዙር ብዛት ተመልከቱ።

ማግኔቱ ጠንካራ ከሆነ፣ ለምሳሌ አልኒኮ 5፣ ወደ ክሩ አታቅርቡት፤ ክሩን ስለሚጎትተው ቅኝቱ ይዛባል። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከ6ኛው (ከወፍራሙ) ክር በታች 2.4፣ ከ1ኛው (ከቀጭኑ) በታች 2 ሚሊ ሜትር ርቀት ጀምሩ።

ኪሎ ኦሙን በተመለከተ የሰሜን ሸዋ አየር ያታልላል። የመዳብ ሬዚስታንስ በአንድ ዲግሪ 0.39 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 8.0 ያነበበ ፒክአፕ ደብረ ብርሃን በማለዳ፣ ቤቱ 10 ዲግሪ ሲሆን፣ 7.7 ያሳያል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ በ30 ዲግሪ 8.3። ያው ፒክአፕ ነው፣ ለሻጩ አትመልሱት። ሽቦው ተበጥሶ ከሆነ መልቲሜትሩ ጭራሽ አያነብም።

ለሠርግ ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ የሚገባ ባንድ ደግሞ ቦርሳውን እንደደረሰ አይክፈት። በቀዘቀዘው ብረት ላይ ጤዛ ያርፋል፤ ሽቦው በቀጥታ ማግኔቱ ላይ በተጠመጠመበት ፒክአፕ ላይ ዝገቱ ውሎ አድሮ መዳቡን ይበጥሰዋል። ግማሽ ሰዓት ዘግታችሁ አቆዩት።