ዕቃውን በትኖ የሚያሳይ መጽሐፍ

ዛሬ ከሰዓቱን ከእህቴ ልጅ ጋር የኮምፒውተር ክፍሎችን በሥዕል የሚያሳይ አሮጌ መጽሐፍ ስናገላብጥ ዋልን። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዛሁት ነው።

የኮምፒውተሩ መረጃ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ጋ ስንደርስ ልጁ ገጹን አላስገልጥ አለኝ። ሥዕሉ ዕቃውን በታትኖ ነው የሚያሳየው፤ ክዳኑ ከላይ፣ እንደ መስታወት የሚያበሩት ሳህኖች መሐል፣ ሞተሩ ከታች። ከጎን አንዲት ቀጭን ክንድ ተዘርግታለች። ጫፏ ላይ ያለችው፣ ሳህኑ ላይ ያለውን መረጃ የምታነበው ክፍል ሳህኑን አትነካውም። ሳህኑ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ሲሽከረከር የሚፈጠረው አየር ያንሳፍፋታል። ክፍተቱ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር እየሠራ አይነቅነቅ የሚባለው፣ ሳህኑን እንዳትነካው ነው።

የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ቤት ነበረና በኮከብ ካቻቪቴ ፈታነው። ውስጡ ያለው ማግኔት ካቻቪቴውን ከእጄ ሊነጥቀኝ ምንም አልቀረው! ልጁ ክንዷን በጣቱ እያንቀሳቀሰ "ጋሼ፣ ይቺውና!" አለ፣ ሥዕሉን እያሳየኝ።

ማሽንን በሥዕል ማስረዳት የቆየ ጥበብ ነው። የመካከለኛው ዘመን መሐንዲስ አል ጀዘሪ በ1206 እ.ኤ.አ. የውኃ መሳቢያዎቹንና ሰዓቶቹን የገለጸው ከነሥዕላቸው ነው። ቪዲዮ ጥሩ ነው፣ ግን ያልፋል። ሥዕል ግን እስኪገባህ ድረስ ይጠብቅሃል።

የማሽን ጥርስና የኩሽኔታ፣ የማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) እና የራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ሥዕል በአማርኛ ማብራሪያ የያዘ መጽሐፍ ለልጆቻችን በጣም እፈልጋለሁ። ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፣ ነገውኑ ሄጄ እገዛለሁ።