ሁለት ዓይን አድርጉለት

ለልጆች ድግስ የሚያስፈራ መክሰስ ለመሥራት የተለየ ሙያ አያስፈልግም። ሁለት ዓይን በቂ ነው። እውነቴን ነው። የተላጠ ሙዝ ያው ሙዝ ነው፤ ሁለት የቸኮሌት ጠብታ ስትለጥፉበት ግን ዞሮ ያያችኋል። ልጆች ደግሞ የሚያያቸውን ነገር ዝም ብለው አያልፉም፤ ስም ያወጡለታል፣ ያናግሩታል፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ገምጠው ይበሉታል።

ይህን ያወቅኩት ግን ተሳስቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄ ልደቱ «አስፈሪ» እንዲሆን ፈለገና ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ አደርኩ። የጠንቋይ ጣት የሚባለውን ብስኩት ነበር የሠራሁት። ሊጡን በጣት ቅርጽ አድቦልቡዬ፣ መገጣጠሚያው ላይ በቢላ ጫር ጫር አድርጌ፣ ጫፉ ላይ በጥፍር ምትክ ለውዝ ሰክቼ፣ ሥሩን ደግሞ ቀይ ማርማላታ ውስጥ ነከርኩት። ቁርጥ ጣት መሰለ። ትልልቆቹ እየጮሁ ተሻሙበት። የእህቴ ልጅ ግን፣ ያኔ ገና አራት ዓመቷ ነበር፣ ትሪውን አየችና ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ኬክ እንኳን አልቀመሰችም፤ እናቷ ጭን ላይ ፊቷን ደፍታ ዋለች። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ቀይሬያለሁ። ደምና የተቆረጠ ጣት ለትልልቆቹ ብቻ ነው፤ ለትንንሾቹ የማቀርበው ፈገግ የሚል ጭራቅ ነው። ሌላው፣ ዓይኑን የምለጥፈው እኔ አይደለሁም። ምግቡን ያለ ዓይን አዘጋጅና ዓይኑን በጎድጓዳ ሳህን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጣለሁ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይለጥፋሉ። ልጅ በገዛ እጁ የሠራውን ጭራቅ አይፈራም፤ እንዲያውም ያዝንለታል።

በሙዙ እንጀምር። ልጡት፣ ለሁለት ቁረጡት፣ በተቆረጠው በኩል ሳህን ላይ አቁሙት። ከላይ ሁለት ትንንሽ ዓይን፣ ከሥር አንድ ትልቅ የተከፈተ አፍ። ነጭ ለብሶ የቆመ መንፈስ ነው። ቸኮሌት ከሌለ ዘቢብ ይሆናል። ሙዝ አየር ሲነካው ስለሚጠቁር የብርቱካን ወይም የሎሚ ጭማቂ ቀባ ቀባ አድርጉት፤ አሲዱ ጥቁረቱን ያዘገየዋል። እኔ ብርቱካኑን እመርጣለሁ፣ ሎሚው ሙዙን ያኮመጥጠዋል። ለማንኛውም እንግዶች ሊደርሱ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው እንጂ ጠዋት አትላጡት።

መንደሪን ልጣችሁ አናቱ ላይ ቀጭን የኪያር ቁራጭ ብትሰኩበት ዱባ ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም።

እንቁላሉ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ከድግሱ በፊት ባለው ማታ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቀቅሉትና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ሲበርድ ሳትልጡት ቅርፊቱን በማንኪያ ጀርባ ኳ ኳ እያደረጋችሁ ዙሪያውን ሰነጣጥቁት። እንዳይረግፍ ብቻ ተጠንቀቁ። ከዚያ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ ቀቅሉና ውሃውን አጥልላችሁ አቀዝቅዙት፣ እንቁላሉን እዚያ ውስጥ ክታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት ስትልጡት ቀለሙ በየስንጥቁ ገብቶ ነጩ ላይ የሸረሪት ድር ሥሎ ታገኙታላችሁ። አንዱ ከሌላው ጋር በፍጹም አይመሳሰልም። መላጡን ለልጆቹ ብትተዉላቸው ደስ ይላል፣ ቅርፊቱ በተነሳ ቁጥር «አየኸው? አየሽው?» ነው ወሬው።

የሚገርመው ውሃው ሐምራዊ ሆኖ ሳለ ድሩ ሰማያዊ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ሆኖ መውጣቱ ነው። የጎመኑ ቀለም አሲድ ሲያገኘው ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር ሲያገኘው ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ። የእንቁላል ነጭ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህ እንቁላሉን ከመክተታችሁ በፊት ከውሃው ጥቂት ለብቻ አስቀሩ። ድግሱ ላይ በብርጭቆ ቀድታችሁ ልጆቹ ፊት ሎሚ ብትጨምቁበት ዓይናቸው እያየ ሮዝ ይሆናል፣ በሌላ ብርጭቆ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ብትጨምሩበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። የጠንቋይ መድኃኒት በሉት። ለመጠጥ አይደለም፣ የጎመን ጣዕሙ ደስ አይልም፤ ለማየት ብቻ ነው። እኔ ቤት ከምግቡ ሁሉ ይበልጥ የሚወራው ስለዚህ ብርጭቆ ነው።

ከተቀቀለው እንቁላል ሸረሪትም ይወጣል። ለሁለት ክፈሉትና ዘሩ የወጣለት ጥቁር የወይራ ፍሬ ውሰዱ። ግማሹ አስኳሉ ላይ ተደፍቶ ገላ ይሆናል፣ ሌላው ግማሽ በቀጭኑ ተቆራርጦ እግር። እግሩ ስምንት ነው፣ በየጎኑ አራት። ስድስት ካደረጋችሁት የሚቆጥር ልጅ አይጠፋም፤ «ይሄማ ጉንዳን ነው» ይላችኋል። አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ከታየ ብዙ ስለተቀቀለ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ለዚህ ድግስ እንዲያውም ያምርበታል። ብቻ የተቀቀለ እንቁላል ከፍሪጅ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ አይቆይ።

የሚሞቅ ነገር ካስፈለገ ሶሴጅ አለ። ሊጥ በስሱ ዳምጡና እንደ ፋሻ በቀጭን በቀጭኑ ቁረጡት። ሶሴጁ ላይ ጠምጥሙት፣ ፊቱ ጋ ትንሽ ክፍተት ተዉ። በ200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ሊጡ ቡናማ እስኪሆን። ከወጣ በኋላ ክፍተቱ ላይ ሁለት የቺዝ ነጠብጣብ ስታደርጉ ከፋሻው ውስጥ አጮልቆ ያያችኋል። አጠማጠሙ ሲዘበራረቅ ነው የሚያምረው፣ ስለዚህ ይህም ለልጆች እጅ የሚሰጥ ሥራ ነው።

የሸረሪት ድር በቸኮሌትም ይሠራል። ኬክ ይሁን ፓንኬክ ወይም በሳህን የተዘረጋ እርጎ፣ ከመሃል ጀምራችሁ በቀለጠ ቸኮሌት ክብ በክብ እየሰፋ የሚሄድ መስመር አድርጉ። ሳይደርቅ በስቴኪኒ ከመሃል ወደ ጠርዝ ሳብ ሳብ። ስምንት ጊዜ ሲሳብ ድሩ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቸኮሌት ሲቀልጥ ጠብታ ውሃ እንኳን ከገባበት ይጓጉላል፣ ከዚያ በኋላ መስመር አይሆንላችሁም። ሳህኑም ማንኪያውም ደርቆ ይጠረግ፣ እሳቱ ዝግ ይበል።

ለመጠጡ የበረዶ እጅ አለ። ዱቄት የሌለው፣ ለምግብ የሚሆን ጓንት አጥባችሁ ጭማቂ ሙሉበት፣ አፉን ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩና ፍሪዘር ውስጥ ይደር። ሲወጣ ጓንቱን በጉልበት አትጎትቱት፣ ጣቶቹ ይሰበራሉ፤ በመቀስ ቅደዱና ቀስ ብላችሁ ግፈፉት። ጭማቂው መሃል ሲንሳፈፍ ማየት ነው! ስትቀዱ ግን የተሰበረ የበረዶ ጣት ትንሽ ልጅ ብርጭቆ ውስጥ እንዳይገባ ተመልከቱ።

ጭስ እንዲወጣው ብለው ደረቅ በረዶ፣ ማለትም እንደ በረዶ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። እኔ ልጆች ባሉበት አላስገባውም። ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው፣ ቆዳን ያቃጥላል፣ ቁራጩ ከተዋጠ ደግሞ ከባድ አደጋ ነው። ጭሱ ይቅር።

መታነቅን በተመለከተ ደግሞ ምንም አልደራደርም። ወይን ለዓይን በጣም ይመቻል፣ ክብ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ግን ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ድፍኑን አይሰጥም። በርዝመቱ አራት ቦታ ይቆረጣል። በወርድ ብቻ መቁረጥ አይበቃም፣ ክብነቱ ስለማይለቀው ጉሮሮን እንደ ቡሽ ይደፍናል። ሶሴጁም ለትንንሾቹ በርዝመቱ ይሰንጠቅ። ድፍን ለውዝና ፈንዲሻ ከትንንሾቹ ጠረጴዛ ይራቁ፣ ስቴኪኒም ሥራው እንዳለቀ ይነሳ። ለውዝ፣ እንቁላል ወይም ወተት የማይስማማው ልጅ እንዳለ ወላጆችን ቀድሞ መጠየቅም አይረሳ። አንድ ስልክ ነው።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። በዓመቱ ስትመጣ አምስት ሞልቷታል። በሩ ላይ ቆማ «ጣት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። አጠገቤ አስቀመጥኳትና የዓይኑን ሳህን ከእንቁላሉ ጋር ፊቷ አደረግኩላት። መጀመሪያ ዝም ብላ አየችው። ቆይታ አንድ የወይራ ገላ አነሳችና አስኳሉ ላይ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ አስኳሉ ፈረስ አለ፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ምንም አላልኳትም። እግሮቹን አንድ በአንድ ደረደረች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ እየቆጠረች። ስምንት። ከዚያ ዓይን ጀመረች። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ለጠፈችበት።

«ሸረሪቷ ዓይኗ በዛ እኮ» አልኳት።

«አክስቴ፣ ሁሉንም ሰው እንድታይ ነው እንጂ!»

ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ትልልቆቹ ልጆች ወደተሰበሰቡበት ሄደች። አንዱ እጁን ሲሰድ ሰማኋት፤ «ቀስ በል፣ አትንካት። ደግሞ አትፍራት፣ አትናከስም» ትለዋለች።