ጌታ በር ዘጋልኝ

ምስክርነት የሚሰጥ ሰው «ጌታ በር ከፈተልኝ» ማለት ይወዳል። የሥራ በር፣ የትዳር በር፣ የትምህርት በር። እኔም ስንት ጊዜ ብያለሁ። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ጌታ በር ዘጋልኝ። የዘጋልኝም እኔ እያለቀስኩ «ክፈትልኝ» እያልኩት ነው።

የምንኖረው ባለ ሰባት ፎቅ አፓርታማ ላይ ነበር፣ አምስተኛው ፎቅ። ያን ሌሊት ቤት ውስጥ እኔና የአራት ዓመት ልጄ ብቻ ነበርን። ባለቤቴ ለሥራ ወጥቷል። እኔም በማግስቱ የጠዋት ፈረቃ ስለነበረኝ በጊዜ ነው የተኛሁት።

ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ደረጃው ላይ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ቀሰቀሰኝ። ከዚያ ጩኸት። ጭሱ ግን አልቀሰቀሰኝም። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ጭስ ሸትቶት እንደማይነቃ ያወቅኩት በኋላ ነው። እንዲያውም ጭሱ እንቅልፉን ያከብድበታል። የጭስ ማስጠንቀቂያ ደወል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኛ ሕንፃ ላይ ደወል የሚባል ነገር አልነበረም።

መብራት ጠፍቷል። የስልኬን ባትሪ አበራሁ። በበሩ ሥር ጭስ እንደ ክር እየተሳበ ይገባል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አቀፍኳትና ወደ በሩ ሮጥኩ።

ቁልፉ የለም።

ማታ ማታ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አጠገቡ ያለ ሚስማር ላይ ነው የምሰቅለው። ስዳብስ ሚስማሩ ባዶ ነው። ወለሉን ዳበስኩ። ቦርሳዬን ዘረገፍኩ። የካፖርቴን ኪስ፣ የሶፋውን ሥር፣ ኩሽና ውስጥ ያለውን መሳቢያ ሁሉ በረበርኩ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጣብቃ ታለቅሳለች። እኔ እጸልያለሁ። ጸሎት ከተባለ። «ጌታ ሆይ በሩን ክፈትልኝ፣ ክፈትልኝ፣ ምን በደልኩህ!» ነው የምለው። ሰው ፊት የሚጸለይ ጸሎት አልነበረም። በሩን በእግሬ ደበደብኩት፣ በትከሻዬ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ የተቆጣሁትን ያህል በሕይወቴ ተቆጥቼ አላውቅም።

ከብዙ መንቀዥቀዥ በኋላ ነው እጄ ላይ ያለው ነገር ስልክ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ባትሪውን እያበራሁበት፣ ሊደወልበት እንደሚችል ረስቼ ነበር። ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ነው። እሳት አደጋ ደወልኩ። ያነሳው ሰው ድምፁ የረጋ ነው። ስንተኛ ፎቅ እንደሆንኩ፣ ስንት ሰው እንዳለ፣ ጭስ ይገባ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«በሩን በእጅሽ ጀርባ ንኪው» አለኝ። ነካሁት።

«ሞቅ ብሏል።»

«እህቴ፣ እንዳትከፍቺው።»

«ብፈልግስ በምን እከፍተዋለሁ? ቁልፉ ጠፍቶብኛል!»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ጥሩ» አለኝ።

ጥሩ! እኔ ልጄን ይዤ ልሞት ነው፣ እሱ ጥሩ ይለኛል።

ያለኝን ግን አደረግኩ። ፎጣዎችና አንሶላ ነክሬ የበሩን ሥርና ዳር ዳሩን ወተፍኩ። ጭስ በመታጠቢያ ቤቱ የአየር ማስወጫ ቀዳዳም ይገባል ብሎ ስላስጠነቀቀኝ እሱንም በእርጥብ ልብስ ደፈንኩት። ከበሩ ራቅ ያለው ክፍል ገባን። በመንገዳችን ያለውን በር ሁሉ ከኋላችን ዘጋሁ። መስኮቱን ስከፍት ጭሱ ከታች በግድግዳው በኩል ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ሊገባብን ሲል ዘጋሁት። ነጭ የትራስ ልብስ በመስታወቱ ላይ አንጠለጠልኩና የስልኬን መብራት እያበራሁ አጠፋሁ፣ እያበራሁ አጠፋሁ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተኛን። ጭስ ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሻል ያለው አየር መሬት ለመሬት ያለው ነው።

«እማዬ፣ ለምን መሬት ላይ ተኛን?»

ምን ልበላት? የሲድራቅን፣ የሚሳቅንና የአብደናጎን ታሪክ ጀመርኩላት። ሦስት ሰዎች እሳት ውስጥ ተጣሉ፣ ንጉሡ ሲያይ ግን አራት ሆኑ። እያወራሁ እየሳልኩ ነው። «አራተኛው ማን ነው?» አለችኝ። «እነሱን ሊጠብቅ የመጣ» አልኳት። የዚያን ሌሊት ሁለተኛው ጸሎቴ ይኸው ተረክ ነበር። ከዚያ በኋላ «ክፈትልኝ» አላልኩም። «አብረኸን ሁን» ብቻ።

ወደ አርባ ደቂቃ ገደማ እንዲህ ቆየን። ከዚያ የበሩ መሰበር ድምፅ ተሰማ። እኔ ስታገለው ያልነቃነቅኩትን በር እነሱ በአንድ አፍታ ገነጠሉት። ማስክ ያጠለቀ፣ ጀርባው ላይ ሲሊንደር ያዘለ ሰው ባትሪ ይዞ ገባ። ልጄ በደረቴ ተሸሽጋ በጆሮዬ «አራተኛው ነው?» አለችኝ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ወጣኝ።

ሆስፒታል ኦክስጅን አደረጉልን። ራሴን ይወቅረኝ ነበር፣ ያጥወለውለኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ኦክስጅን የሚሸከመውን የደማችንን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። እሳት በተነሳበት ቤት ብዙውን ሰው የሚገድለው ነበልባሉ አይደለም፤ ጭሱ ነው። እኛ ቤት የገባው ጥቂት ስለነበር በማግስቱ ተለቀቅን።

እሳቱ የተነሳው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኤክስቴንሽን ገመድ ላይ ብዙ ነገር ተሰክቶ ነበር አሉ። ጎረቤታችን ልጆቹን አቅፎ ሮጠ፤ በሩን ክፍት ትቶት። ማንም ወላጅ የሚያደርገውን ነው ያደረገው፣ አልፈርድበትም። ግን በዚያ ክፍት በር ጭሱ ሁሉ ወደ ደረጃው ወጣ፤ ደረጃውም ጭስ ማውጫ ሆነ። እኔ ቁልፍ ስፈልግ በነበረበት ሰዓት ከአራተኛ ፎቅ ወደ ላይ ትንፋሽ የሚወሰድበት አልነበረም። በሩን ሰብረው የገቡት ሰውዬ ናቸው የነገሩኝ። «ልጅቷን ይዘሽ ወጥተሽ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን መታጠፊያ አታልፊም ነበር» አሉኝ። ያኔ ነው «ጥሩ» የገባኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አባት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በደረጃው ስወርድ የጸሎት ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ከእኔ ይልቅ የሚጸልዩ ሰው ናቸው። ያን ሌሊት ቁልፋቸው በቦታው ነበር። በራቸውን ከፍተው ወጡ። ደረጃው ላይ ነው የተገኙት። ምስክርነቴን ለመጻፍ ወራት የፈጀብኝ በእሳቸው ምክንያት ነው። ልጆቻቸው ቢያነቡት ምን ይላሉ? ጌታን ስለዚህ ጠይቄዋለሁ፤ አሁንም እጠይቀዋለሁ። ስለዳንኩ ግን ዝም ልበል? እሱንም አልቻልኩም።

ምስክርነት ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገር ነገር አለ፤ «በዚያው ሰዓት እገሊት ከእንቅልፏ ነቅታ ስትጸልይልኝ ነበር» የሚል። እናቴን ጠየቅኳት። «ድብን ብዬ ተኝቼ ነበር ልጄ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘፍጥረት ላይ አንድ ቦታ ሳነብ እቆማለሁ። ኖኅ መርከቡ ውስጥ ሲገባ በሩን የዘጋው ኖኅ አይደለም። ከኋላው የዘጋበት እግዚአብሔር ነው ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነበው አላየሁትም ነበር።

ደግሞ ቁልፍ መጥፋቱን እንደ ምክር የሚወስድ እንዳይኖር። መንገዱ ንጹሕ ከሆነ ቶሎ መውጣት ነው፤ በሊፍት ሳይሆን በደረጃ፣ በርን ከኋላ እየዘጉ። ቤት ውስጥ መቆየትም ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ሲቃጠል ነዋሪዎቹ በየቤታቸው እንዲቆዩ ተነግሯቸው ነበር። የሕንፃው የውጭ ልባስ ራሱ የሚቀጣጠል ሆነና 72 ሰው አለቀ። አዲሱ ቤታችን ውስጥ የጭስ ደወል ሰቅለናል። ቁልፉም ሚስማሩ ላይ ነው፤ ከመተኛቴ በፊት በእጄ ነክቼ አረጋግጣለሁ።

የድሮው ቁልፍ የተገኘው ከሳምንት በኋላ የተረፈ ዕቃ ልንለቅም ስንሄድ ነው። የልጄ የዝናብ ጫማ ውስጥ፣ ከጫፉ ድረስ ተገፍቶ። እሷ ካልሆነች ማን ያደርገዋል? ያን ቀን አልተናገርኳትም። ማታ ፀጉሯን እያበጠርኩ እንደ ዋዛ አነሳሁባት።

«ቁልፉን ለምን ደበቅሽው?»

ዝም አለች። ሚዶውን ከእጄ ወሰደችና ጥርሶቹን መቁጠር ጀመረች።

«ጠዋት ለሥራ እንዳትሄጂ ነዋ» አለችኝ።