ፎሶሊያ ብዬ የጻፍኩት

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ዴይኬር፣ የሕፃናት ክፍል ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። 6 ሕፃናት አሉን፤ እኛ ሁለት ነን። ሁለታችንም ሐበሾች ነን። የሥራ ባልደረባዬ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ልጆቹን የፈረንጅ ስማቸው ምንም ይሁን ምን ማሙሽና ሚሚ ነው የምንላቸው። ወላጆቹም ለምደውታል፤ እንዲያውም አንዱ አባት ልጁን ቤት ውስጥም ሚሚ ማለት ጀምሯል።

የዚህ ወሬ ባለቤት የ8 ወር ማሙሽ ነው። ምግብ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። እዚህ አገር ሐኪሞቹ ወደ 6 ወር አካባቢ ጀምሩ ይላሉ፤ እኛም አገር ቤት ገንፎና አጥሚቱ የሚጀመረው በዚያው ዕድሜ ነው። ምሳው ከቤት ነው የሚመጣለት። አንድ ቀን ካሮት፣ አንድ ቀን ስኳር ድንች፣ አተር፣ ፎሶሊያ፤ ሁሉም ተቀቅሎ ተፈጭቶ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ። ክዳኗ ላይ ስሙና ቀኑ የተጻፈበት ፕላስተር ይለጠፋል። ውስጡ ምን እንዳለ አይጻፍም። ደንባችንም አይጠይቅም ነበር።

ሜይ ወር ላይ ነው። ክዳኑን ስከፍት አረንጓዴ ነው። ፎሶሊያ ነዋ! ባለፈው ሳምንት ሁለቴ በልቷል።

ሁለተኛውን ማንኪያ ሳጎርሰው ማሙሽ ምላሱን አወጣ፤ ፊቱ ቀላ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ኧክ፣ ኧክ ይላል። አዲስ ሠራተኛ ብሆን ከወንበሩ መንጭቄ ጀርባውን እደበድበው ነበር። ግን ሥልጠና ላይ የሚነግሩን ነገር አለ፤ ልጅ ኧክ ካለና ካሳለ አየር አለው፣ ራሱ ያወጣዋል። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። ድምፅ የሌለው ልጅ ነው የታነቀው። ስለዚህ እጄን አዘጋጅቼ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠበቅሁ። ተፋው። ጣቴ ላይ ሳየው የስፌት ክር የመሰለ ቀጭን አረንጓዴ ነገር ነው። «እናትየው ዛሬ ፎሶሊያውን ክሩን ሳታወጣ ነው እንዴ የፈጨችው?» አልኩ በሆዴ። የቀረውን በማንኪያ ጀርባ እያሸሁ፣ ክሩን እየለቀምኩ አበላሁት።

ከዚያ የቀን ቅፁ ላይ ሞላሁ። «ፎሶሊያ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ።»

ማሙሽ ተኝቶ ተነሳ። ዳይፐሩን ስከፍት አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ። ዓይነ ምድር የለውም፤ ሽንት ብቻ ነው። ሽታው ግን ክዳኑ ተከድኖበት ያደረ የተቀቀለ ጎመን ላይ ክብሪት የተጫረበት ነው የሚመስለው። አራት ዓመት ሙሉ በቀን ከ20 የማያንስ ዳይፐር የቀየርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሸትቶኝ አያውቅም። ትኩሳቱን ለካሁ፤ የለውም። ይስቃል። ቢሆንም ለዳይሬክተሯ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ እናትየው ጋ ደወለች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል ተባለ። እናትየው ስብሰባ አቋርጣ መጣች።

የሆነውን በማግሥቱ ነው የሰማነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «አዲስ ምግብ በልቷል ወይ?» ብሎ ነበር። እናትየው ስልኳ ላይ የእኔን ቅፅ አወጣች። ፎሶሊያ። ፎሶሊያ አዲስ አይደለም። በቃ፣ ጥያቄው እዚያው ተዘጋ። ማሙሽ ላይ ሽንት መቀበያ ፕላስቲክ ለጥፈው እስኪሸና ተጠበቀ። እሱም እንደ ልጅ፣ ሲፈለግ አይሸናም። በመጨረሻ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ አመሹበትና ወደ ቤት ሄዱ።

በማግሥቱ ልጁን ይዛ የመጣችው አያትየው ናት። ከሚሺገን ነው የመጣችው። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች፣ ደግሞም እያፈረች «አስፓራገስ ነው'ኮ!» አለችን። ከጓሮዋ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በመኪና ይዛ የመጣችው። አስፓራገስ ለጋ ግንዱ የሚበላ አረንጓዴ አትክልት ነው፤ ከተተከለ በኋላ በደንብ ለመቆረጥ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ ግን በየፀደዩ ራሱ እየበቀለ ከአሥር ዓመት በላይ ይሰጣል። ያቺ ሴትዮ የልጅ ልጇን ያን ያህል የጠበቀችውን ነገር ልታቀምሰው ፈልጋ፣ ጠዋት እናትየው ሳታይ ቀቅላ ፈጭታ ላከች። እናትየውም የማታውቀውን ለሐኪሙ ልትነግረው አትችልም። ማወቅ የምችለው እኔ ነበርኩ። ክሩን በጣቴ ይዤ አይቼዋለሁ። ፎሶሊያ እንዳልመሰለኝም ልቤ ያውቃል። አንድ ጊዜ ቀምሼ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም «አረንጓዴ፣ ክር ያለው፣ ምን እንደሆነ ያልታወቀ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ሐኪሙ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። እኔ ያየሁትን ትቼ የገመትኩትን ጻፍኩ።

እትዬ ጨምራ አናደደችኝ። «አንቺ፣ አራስ ሆነሽ አብሽ ጠጥተሽ አታውቂም?» አለችኝ።

ጠጥቻለሁ እንጂ! የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ በአብሽ ነው የጨረሰችኝ። ላቤም፣ የልጄም ዳይፐር የፈረንጅ ፓንኬክ ሽሮፕ ሽሮፕ ይል ነበር። የበሉት ነገር በሽንት እንደሚሸት ከፈረንጁ ሁሉ ቀድሜ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ እስር አስፓራገስ ገዛሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ ሳህኔ ላይ አድርጌው አላውቅም፤ ከሱቁ ቆስጣና ጎመኑን ነው አንስቼ የምሄደው። ግንዱን ከታች ይዤ ጎንበስ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከስብራቱ በታች ያለው እንጨት ነው። ከላይ ያለው ጫፉ ለስላሳ ነው፤ መሐሉ ላይ ልጣጩን በቢላ ሳነሳው ያ የማውቀው ክር ወጣ። ቀቅዬ በላሁ። ሰዓት ሳይሞላ መታጠቢያ ቤት ስገባ ያው ሽታ! ውስጡ ያለው አሲድ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ድኝ ድኝ የሚሸት ነገር ይለቃል፤ ጉዳት የለውም። ባለቤቴን ጠርቼ «ናማ አሽት» አልኩት። ምንም አይሸተኝም ብሎ ድርቅ አለ። ለካ ይህን ሽታ አፍንጫቸው ጭራሽ የማይለየው ሰዎች አሉ። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ እሱ ቢሆን ኖሮ ማንም ሐኪም ቤት አይሄድም ነበር።

ዳይሬክተሯ ፕላስተሩ ላይ የምግቡም ስም እንዲጻፍ ደንቡን ቀየረች። አዲስ ምግብ መጀመሪያ ቤት ይቀመስ፣ አንድ በአንድ ይሁን፣ ሌላ አዲስ ነገር ከመጨመሩ በፊት ከ3 እስከ 5 ቀን ይጠበቅ የሚለውን እናውቀው ነበር። ሽፍታ ወይም ትውከት ቢመጣ ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ እንዲለይ ነው። አሁን ግን ለአያቶችም ጭምር በወረቀት ይሰጣል።

አያትየው ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ማሙሽ ቤቱ ሦስት ቀን ቀምሶ፣ አስፓራገሱ በይፋ ወደ እኛ መጣ። ጫፍ ጫፉ ብቻ፣ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ የበሰለ፣ በወንፊት ያለፈ። ፕላስተሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። መጀመሪያ እኔ ቀመስኩ፤ ከዚያ ለማሙሽ አቀረብኩለት። አፉን ከፈተ፣ ያዘው፣ አሰበበት፣ ፊቱን እንደ ሎሚ በላተኛ አጨማደደ፣ ደግሞ አፉን ከፈተ።

ቅፁን አነሳሁ። «አስፓራገስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ። ፊቱን አጨማድዷል። ጨርሷል። ዳይፐሩ ይሸታል።» የመጨረሻዋን ገና ሳይሸና ነው የጻፍኳት። እትዬ ከትከሻዬ በላይ አነበበችና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ሰረዘችው።

«ሲሸት ትጽፊያለሽ» አለችኝ።