ከሸማኔው ጎን፦ የመጀመሪያ ዘጋቢ ፊልሜ

የመጀመሪያውን አጭር ዘጋቢ ፊልሜን ለመሥራት ስነሣ፣ ሰፊ ርእስ ከማሳደድ አንድ ሰውና አንድ ሥራ መምረጥ እንደሚሻል አምኜ ሽሮ ሜዳ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት የዶርዜ ሸማኔ ዘንድ ሄድኩ። ካሜራ ከማውጣቴ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ፊልሙ የት እንደሚታይም አስረድቼ፣ ከጎናቸው ተቀምጬ ሥራቸውን ተመለከትኩ። መወርወሪያው በድሩ መካከል ሲያልፍ፣ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን መርገጫ ሲጫን፣ ማጉም ሲጠቀጠቅ የሚሰማው ምት ራሱ ታሪክ ስለሚናገር ሙዚቃ አላስገባሁበትም።

ለጀማሪ ከምስል ይልቅ ድምፅ ጥንቃቄ ይፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስልን ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። ስለዚህ ማይኩን ልብስ እንዳይፋተገው አድርጌ ደረታቸው ላይ አሰርኩ፤ ቃለ መጠይቁ ሲያበቃም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ድምፅ ለ30 ሰከንድ ቀዳሁ፤ በኤዲቲንግ ጊዜ የተቆራረጠውን ንግግር ያለ ክፍተት የሚያያይዘው እርሱ ነውና። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ሄርዝ በመሆኑም፣ የምቀርጽበትን ስልኬን በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ የሻተሩንም ፍጥነት፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጌ የአምፖሉን መርገብገብ አስቀረሁ።

ፊልሙን ከማንም በፊት የሚያዩት እርሳቸው ናቸው፤ እንዲወጣ የማይፈልጉት ንግግር ካለ ይቆረጣል።